አባያን ያጠብኩበት ሌሊት፤ ከባቱ እስከ ኮንሶ በድሮን ካሜራ

ከጉዞው ከተመለስኩ ሁለት ሳምንት አልፎኛል፤ ያነሳኋቸውን ፎቶዎች ግን ገና መርጬ አልጨረስኩም። በየማታው ኮምፒውተሩን ከፍቼ አንድ በአንድ ሳያቸው መንገዱ እንደገና ይመጣብኛል። የባቱ ነፋስ፣ የአብያታ ነጭ መሬት፣ ከሁሉም በላይ የአባያ ውኃ። በአባያ ላይ አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ፤ ሳይደበዝዝብኝ ልጻፈው።

ይዤ የወጣሁት ዲጄአይ ኤር 2ኤስ የተባለችውን ድሮን ነው። 595 ግራም ትመዝናለች፤ ሴንሰሯ 1 ኢንች፣ ፎቶዋ 20 ሜጋፒክስል ነው። የሌንሷ ቀዳዳ ኤፍ 2.8 ላይ የተወሰነ ስለሆነ አይጠብም፣ አይሰፋም። ስለዚህ ብርሃኑን የምመጥነው በሹተር ፍጥነት (ካሜራው ለብርሃን ክፍት ሆኖ በሚቆይበት ጊዜ) እና በአይኤስኦ (ሴንሰሩ ለብርሃን ባለው ስሜት) ብቻ ነው። አይኤስኦውን 100 ላይ አስሬ፣ ፋይሉን ሮው ላይ አድርጌ ተነሳሁ። ሮው ካሜራው ያየውን ሳያበስል የሚያስረክብ ጥሬ ፋይል ነው። ጄፔግ በስሎ፣ ተቀምሞ፣ የተረፈው ተደፍቶ የሚቀርብ ነው፤ የተደፋው ደግሞ አይመለስም።

ሦስት ባትሪ፣ ሁለት ሚሞሪ ካርድ፣ የማብረሪያ ፈቃድ ደብዳቤ ከነኮፒው። በአገራችን ድሮን ያለ ፈቃድ አይበርም፤ ደብዳቤውን ለማግኘት የወሰደብኝ ጊዜ ከጉዞው ይረዝማል። ሆኖም ያለ እሱ አንድም ቀን ማብረር አልችልም ነበር።

ሐሙስ፣ ጥር 15 ቀን 2017 — ባቱ

ከአዲስ አበባ የወጣነው ገና ሳይነጋ ነው። መኪናውን የሚነዳው የአክስቴ ልጅ ነው፤ ፎቶ ባያነሳም ትዕግሥት አለው፤ ለዚህ ዓይነቱ ጉዞ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። 160 ኪሎ ሜትር ያህሉ መንገድ በፈጣኑ መንገድ በኩል ስለሆነ ብዙ የሚነገር የለውም።

ምሳ ሐይቁ ዳር ነበር። የተጠበሰ ዓሣ ከእንጀራና ከአዋዜ ጋር 350 ብር። አዲስ አበባ ለዚሁ ዓሣ፣ ያውም ከበረዶ ለወጣው፣ እጥፍ እከፍላለሁ። ዓሣ የሚገፍፉት ወጣቶች ዙሪያ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ሽማግሌ ትከሻቸውን ሰብስበው ቆመው የሚጣልላቸውን ይጠብቃሉ። ከእነሱ ራቅ ብዬ ሜዳ ላይ ድሮኗን አስነሳሁ።

ፀሐይዋ ዘንበል ስትል መጀመሪያ ቪዲዮ ቀረጽኩ፤ ከደንገሉ መሃል የሚወጡትን ጀልባዎች። በሰከንድ 25 ፍሬም ሲቀረጽ የሹተር ፍጥነቱ 1/50 አካባቢ ቢሆን እንቅስቃሴው ለዓይን ይለሰልሳል። ሰማዩ ግን ለዚያ ፍጥነት ገና ብሩህ ስለሆነ ሌንሱ ላይ ጠቆር ያለ መስታወት ገጠምኩ። ኤንዲ 16 ይባላል፤ ከሚመጣው ብርሃን አንድ አሥራ ስድስተኛውን ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ቪዲዮው አማረ። ከዚያ ሰማዩ ወደ ብርቱካናማ ሲዞር ቸኩዬ ወደ ፎቶ ተሻገርኩ፤ መስታወቱን ሳላወልቅ።

በስልኩ ስክሪን ላይ ሁሉም ጥርት ያለ ይመስል ነበር። ማታ በ900 ብር በተከራየነው ክፍል ውስጥ ፎቶዎቹን በሙሉ መጠናቸው ስከፍት የደንገሉ ጫፍ ሁለት ሁለት ሆኖ አገኘሁት። 1/250 መሆን የሚገባው የሹተር ፍጥነት 1/15 ሆኗል። የድሮን ካሜራ የተሰቀለበት ጊምባል ብዙ ንዝረት ይችላል፤ የሐይቅ ዳር የምሽት ነፋስ ሲያወዛውዛት ግን በ1/15 ፍጥነት ሊያድናት አይችልም። አርባ ያህል ፎቶ ጠፋ። የደበዘዘ ጠርዝን ሙሉ በሙሉ የሚመልስ የኤዲቲንግ መሣሪያ የለም፤ የሹልነት መቆጣጠሪያውን ቢገፉት ብዥታው ራሱ ነው የሚሾለው። ከዚያ ቀን ወዲህ ድሮኗን ባስነሳሁ ቁጥር ጣቴ ሳይታዘዝ ሌንሱን ይዳስሳል።

የተረፉኝ በመጨረሻ ያነሳኋቸው ሦስት ፎቶዎች ናቸው፤ ከእነሱም አንዱ ላይ አንድ የዓሣ ንስር ከጥግ ሲገባ ይታያል። ወደ ድሮኗ እየመጣ መሆኑን ሳይ ወዲያው ወደ ራሴ መልሼ አሳረፍኳት። ሰማዩ የእሱ ነው።

ዓርብ፣ ጥር 16 — አብያታና ሻላ

ከሁሉም ቀን ይበልጥ የተማርኩት በዚህ ቀን ነው። በሁለቱ ሐይቆች መካከል ያለው ከፍታ ላይ፣ ከፓርኩ ጠባቂ ጋር፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ቆመን ነበር። ጠባቂው ደብዳቤዎቹን ሁለቴ አንብቦ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀኝ፤ «ወደ ወፎቹ እንዳትጠጋ፤ አንዴ ከተነሱ ቀኑን ሙሉ አይረጋጉም»። ፍላሚንጎዎቹ ከሩቅ እንደ ሐምራዊ ክር ይታያሉ። አልተጠጋሁም፤ ጠጋ ብሎ የተነሳ የወፍ መንጋ ፎቶ ሳይም ከዚያ ቀን ጀምሮ ፎቶው ሳይሆን የተረበሸው ቀናቸው ነው የሚታየኝ።

በአንድ በኩል አብያታ ነው፤ ጥልቀት የሌለው፣ ዳርቻው በሶዳ የነጣ። በሌላው ሻላ፤ 266 ሜትር የሚወርድ፣ ጥቁር አረንጓዴ ውኃ። መጀመሪያ ካሜራውን ወደ አብያታ አዙሬ ራሱ እንዲወስን ተውኩት። 1/5000 መረጠ። ነጩ መሬት አመድ መሰለ። ቀጥሎ ወደ ሻላ አዞርኩት፤ አሁን ደግሞ 1/800 መረጠ፤ ውኃው ታጥቦ የነጣ ጨርቅ መሰለ፤ የዳርቻው ድንጋይ ተቃጥሎ ምንም መስመር አልቀረበትም።

የካሜራው መለኪያ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ሊያደርግ ይጥራል። ነጭ ሲያይ ያጨልመዋል፤ ጥቁር ሲያይ ያነጣዋል። የአብያታው ነጭና የሻላው ጥቁር ግን በዚያች ሰዓት ያበራላቸው አንድ ፀሐይ ነው። ይህን ሳስብ መልሱ ቀለለልኝ፤ ብርሃኑ አንድ ከሆነ መጠኑም አንድ መሆን አለበት። መቆጣጠሪያውን ወደ ማኑዋል አዙሬ፣ ሂስቶግራሙን (ብርሃኑ ከግራ ጥቁር እስከ ቀኝ ነጭ እንዴት እንደተሰራጨ የሚያሳየውን ግራፍ) እያየሁ፣ የነጩ ጫፍ ቀኝ ግድግዳውን ሳይነካ እስኪጠጋ ድረስ አስተካከልኩ። 1/2500 ላይ ቆመ። በዚያው ቁጥር ሁለቱንም ሐይቆች አነሳኋቸው፤ ነጩም ነጭ፣ ጥቁሩም ጥቁር ሆነው መጡ።

ብርሃን አብዝቶ ማንሳትና አሳንሶ ማንሳት እኩል ስሕተት አይደሉም። የጨለመው ውስጥ ብዙውን ጊዜ ዝርዝር ይተርፋል፤ በኤዲቲንግ ቀስ ብሎ ሲነሳ ጥቂት ሻካራ ነጠብጣብ ይዞ ይወጣል እንጂ ይወጣል። የተቃጠለ ነጭ ግን ባዶ ነው፤ ከሮው ፋይልም ቢሆን የሚቀዳ ነገር የለውም። የሻላው ዳርቻ የተቃጠለበትን የመጀመሪያውን ፎቶ አልሰረዝኩትም።

አብያታን ከላይ ማየት ያሳዝናል። ሐይቁ ወደ ኋላ የሸሸባቸው የድሮ ዳርቻዎች ቀለበት በቀለበት ሆነው ይታያሉ። ከባቱ ሐይቅ ወጥቶ የሚመግበው የቡልቡላ ወንዝ ውኃ በየመንገዱ ለመስኖ ይወሰዳል፤ ከሐይቁ ራሱ ደግሞ ሶዳ ለማውጣት ውኃ ሲቀዳ ኖሯል። መሬት ላይ ሲቆሙ ሰፊ ነጭ ሜዳ ብቻ ነው። ከ100 ሜትር ከፍታ ሲያዩት ግን እንደ ግንድ ቀለበት ዕድሜው ይቆጠራል። ይህን ለማሳየት ካሜራውን ቀጥ አድርጌ ወደ ታች አነጣጠርኩ፤ አድማስ ከሌለ ዓይን መስመሮቹን ብቻ ይከተላል።

ሻሸመኔ ላይ በየዓይነቱ በልተን ወደ ሶዶ አቅጣጫ ነዳን። ከአላባ አለፍ ብሎ ጎማችን ተነፈሰ። አንድ ጎሚስታ በ150 ብር ጠግኖልን፣ ሳጥኑን አይቶ ምን እንደሆነ ጠየቀ፤ ፎቶዎቹን ሳሳየው ሥራውን አቁሞ ረጅም ጊዜ አየ። አርባ ምንጭ የደረስነው በጨለማ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥር 17 — አርባ ምንጭ

ሴቻ ከተባለው የከተማው ክፍል በኩል ካለው ገደል አፋፍ ላይ ሆኖ ወደ ታች የሚያይ ሰው ወዲያው የሚገባው ነገር አለ፤ በግራ አባያ ቀይ ቡናማ፣ በቀኝ ጫሞ ሰማያዊ፣ በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ የሚባለው ቀጭን መሬት። አባያ በስፋት ከጣና ቀጥሎ ያለው የአገራችን ሐይቅ ነው። ቀይ የሚያደርገው ውኃው ውስጥ ሳይዘቅጥ የሚንሳፈፈው ደቃቅ አፈር ነው።

ሁለት ፖሊሶች መጥተው ደብዳቤውን አዩ። ጨዋዎች ነበሩ፤ አንደኛው እስከ መጨረሻው አብሮን ቆመ። ድልድዩ የነጭ ሳር ፓርክ አካል ስለሆነ ወደዚያ አልገባሁም፤ ከከተማው ጫፍ ሆኜ ድሮኗ ራሷ የምትገጣጥመውን ሰፊ ፓኖራማ አነሳሁ። ውጤቱ አስደነገጠኝ። ሰማዩ ላይ እንደ ተጣፈ ጋቢ ስፌት ይታያል፤ ግራው ሰማያዊ፣ ቀኙ ቢጫ። የነጭ ሚዛኑን፣ ካሜራው ነጭ ነጭ እንዲሆን ቀለሙን የሚያስተካክልበትን፣ አውቶ ላይ ትቼው ነበር። ካሜራው ወደ አባያ ሲዞር ቀዩን እንደ ስሕተት ቆጥሮ ሰማያዊ ሲጨምርበት፣ ወደ ጫሞ ሲዞር ይመልሰዋል። በተናጠል የሮው ፎቶዎች ላይ ቢሆን ኋላ አንድ ዓይነት ማድረግ ይቻላል፤ ተገጣጥሞ የወጣው ፓኖራማ ግን ጄፔግ ስለነበር የተሰፋው ተሰፍቶ ቀረ። የነጭ ሚዛኑን 5,500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) ላይ አስሬ ደገምኩት፤ ስፌቱ ጠፋ።

ከሰዓት በኋላ በአባያ በኩል ከዓሣ አጥማጆች ጋር ዋልን። አንድ አዛውንት አጥማጅ ጀልባቸውን ከላይ እንዳነሳላቸው ጠየቁኝና ደስ እያለኝ አነሳሁ። ነፋሱን ግን አልመዘንኩትም ነበር። ድሮኗ ከነፋሱ ጋር ስትሄድ ምንም አይታወቅም፤ ስትመለስ ነው ዕዳው የሚከፈለው። በባትሪው ግማሽ ሄጄ በቀረው ግማሽ ልመለስ ስል ፍጥነቷ ወደ እግረኛ ፍጥነት ወረደ። ወደ 20 ሜትር ዝቅ ሳደርጋት ነፋሱ ቀለል አለላትና 14 በመቶ ሲቀራት አረፈች። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ መጀመሪያ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዤ ነው የምሄደው።

ማታ ኤዲቲንግ ጀመርኩ። መብራት ጠፋ። ኮምፒውተሩ ባትሪ እንዲቆጥብ የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ አድርጌ በጨለማ ክፍል ውስጥ ቀጠልኩ። መጀመሪያ ጭጋግ መቀነሻውን ነካሁ፤ በጥር የስምጥ ሸለቆው አየር አቧራ ስለሚያዝል ፎቶው ሁሉ እንደ ቀጭን ነጠላ የተሸፈነ ነው። 35 ላይ ሳደርሰው ተራራው ወጣ፤ ሰማዩ ግን በጥግ በጥጉ ጠቆረ። ወደ 12 መለስኩት። ይህ ትክክል ነበር።

ከዚያ ወደ አባያ መጣሁ። ቀዩ ውኃ በደብዛዛው ስክሪን ላይ ጭቃ መሰለኝ። የውኃውን ቀለም ይዤ ወደ አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴም ወደ ሰማያዊ ገፋሁት፤ ድምቀቱን ጨመርኩ፤ ብርሃኑን ጨመርኩ። የውጭ አገር ባሕር ዳርቻ የመሰለ ነገር ወጣልኝ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

እሑድ፣ ጥር 18 — ዶርዜ

ጠዋት ቡና ልንጠጣ ወደ ሐይቁ ወርደን ነበር። አዛውንቱ አጥማጅ መጥተው ፎቷቸውን ጠየቁኝ። ስክሪኑን አዞርኩላቸው። ጀልባቸውን ወዲያው ለዩት፤ ከዚያ ዝም አሉ።

«አንተ ልጅ፣ አባያን አጥበኸው ነው እንዴ ያደርከው?» አሉኝ።

ለማማር ብዬ እንደሆነ ነገርኳቸው። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ቀይ ካልሆነማ አባያ አይደለም፤ ጫሞን ምን ልትለው ነው? ወንዞቹ አፈር ይዘው ይገባሉ፤ እኛ ቀለሙን አይተን ነው ዝናቡ ወዴት እንደጣለ የምናውቀው» አሉ።

ፀሐይ ላይ ሳየው ሌላም ነገር አስተዋልኩ። በደብዛዛ ስክሪን ስለሠራሁ ፎቶው ሁሉ ከመጠን በላይ ነጥቷል። ሂስቶግራሙን ብመለከት ኖሮ ይነግረኝ ነበር፤ እሱ የስክሪን ብርሃን አያታልለውም። የቀለሙ ነገር ግን የስክሪን ጥፋት አይደለም፤ የእኔ ነው። ኤዲቲንግ ካሜራው ያጎደለውን መመለስ ነው ብዬ አምናለሁ፤ አቧራው የሸፈነውን፣ ሌንሱ ያጎበጠውን፣ መለኪያው ያጨለመውን። ለሐይቁ አዲስ ውኃ መስጠት ግን የእኔ ሥልጣን አይደለም። እዚያው ቡናው ሳይቀዘቅዝ ፎቶውን ወደ መጀመሪያው መለስኩት።

ከዚያ ወደ ዶርዜ ወጣን። ከአርባ ምንጭ ሙቀት ተነስቶ በአንድ ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ጋቢ ወደሚያስፈልግበት ብርድ መድረስ ይገርማል። መንገዱ ጠመዝማዛና ኮረኮንች ነው፤ በየመታጠፊያው ልጆች እየጨፈሩ ይከተሉናል። አስተናጋጃችን እናት ከእንሰት ቅጠል ሥር ያወጡትን ቆጮ ጋግረው ከማርና ከዳጣ ጋር አቀረቡልን፤ ዳጣው ዓይኔን አስለቀሰኝ። እኛ ቤት ቆጮ የክትፎ አጃቢ ነው፤ እዚህ ግን ጌታው እሱ ነው። ከቀርከሃ የተሠራው ቤታቸው የዝሆን ፊት ይመስላል፤ ምስጥ ከሥሩ ሲበላው ቤቱ ከዓመት ወደ ዓመት እያጠረ እንደሚሄድ ነገሩን።

በከፍታ ቦታ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ የድሮኗ ክንፎች ይበልጥ መሽከርከር አለባቸው፤ ብርዱም ባትሪውን ያደክመዋል። ስለዚህ ባትሪዎቹን በደረት ኪሴ ይዤ ነው ያሞቅኳቸው። ከሰዓት ጉሙ ከሸለቆው ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር የቤቶቹ ጣሪያ ብቻ እንደ ደሴት ቀረ። ከአብያታ የተማርኩት እዚህ አገለገለኝ፤ ጉሙ ነጭ ስለሆነ መለኪያው ያጨልመዋልና ብርሃኑን በ0.7 ስቶፕ ከፍ አደረግሁ፤ አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ያደርገዋል። ድሮኗን ወደ ጉሙ ውስጥ አላስገባኋትም። እርጥበቱም ይጎዳታል፤ ከዓይን ከራቀችም የት እንዳለች አላውቅም።

ሰኞ፣ ጥር 19 — ኮንሶ

ከአርባ ምንጭ ወደ ደቡብ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የኮንሶዋ ከተማ ካራት ማታውኑ ገብተን አድረን፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ እርከኖቹ ፊት ለፊት ቆመን ነበር።

የኮንሶን እርከን ከመሬት አይቼዋለሁ። ከላይ ሌላ ነው። የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2011 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ያለ ሲሚንቶ በእጅ የተደረደሩት ግንቦች እስከ 5 ሜትር የሚደርሱ አሉ። ለዚህ ፎቶ ወሳኙ የካሜራው ቁጥር ሳይሆን ሰዓቱ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን እርከኖቹ ጠፍጣፋ ናቸው። ገና ከአድማስ ብቅ ስትል ግን እያንዳንዱ የድንጋይ መስመር የራሱን ጥላ ከሥሩ ይጥላል፤ ተራራው እንደ ተነበበ የብራና ገጽ ይሆናል። ይህ ለግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ይቆያል።

በፀሐይና በጥላ መካከል ያለው ልዩነት ለአንድ ፎቶ ስለሚበዛ፣ ካሜራው በአንድ ጊዜ አምስት ፎቶ በተለያየ ብርሃን እንዲያነሳ አደረግሁ፤ በመካከላቸው የ0.7 ስቶፕ ልዩነት አለ። መሃለኛው 1/500 ነበር። ኋላ አምስቱን ላይትሩም በተባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም አዋህጄ ጥላውን ጥቂት ብቻ አነሳሁት። ብዙ ቢነሳ ጥላው ራሱ ይጠፋል፤ የመጣሁት ደግሞ ለጥላው ነው።

ወደ መንደሩ ስንጠጋ አንድ አባት አስቆሙን። ደብዳቤውን አላዩትም። «ከላይ ሆኖ ግቢያችን ውስጥ ያያል?» ብለው ጠየቁ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መቆጣጠሪያውን ሰጥቻቸው ምን እንደሚታይ በራሳቸው ዓይን አዩ፤ ከዚያ እስከየት መብረር እንደምችል በዱላቸው አሳዩኝ። ከዚያ መስመር አላለፍኩም። ሲጨርሱ የእርከኑን ፎቶ በጣታቸው እየተከተሉ የአያታቸውን ማሳ አገኙት። «ይህን በወረቀት አምጣልኝ» አሉኝ።

ከተመለስኩ በኋላ

የድሮኗ ፎቶ 5,472 በ3,648 ፒክስል ነው። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሲታተም 46 በ31 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወጣዋል፤ ሳይጎተት የሚደርስበት ትልቁ መጠን ይህ ነው። የኮንሶውን ፎቶ አሳተምኩትና ቅር አለኝ። ስክሪን ከውስጡ ያበራል፤ ወረቀት ግን የሚያበራው ከክፍሉ በተበደረው ብርሃን ነው። የአያትየው ማሳ ያለበት ጥግ ጠቁሮ የድንጋዩ መስመር አይለይም ነበር። ያንን ጥግ ብቻ ለይቼ ጥቂት አነሳሁትና ደግሜ አሳተምኩ። አሁን መስመሩ ይቆጠራል።

የአባያውንም አብሬ አሳትሜያለሁ፤ ቀይ ነው። ሁለቱም በካርቶን ቱቦ ተጠቅልለው በሩ አጠገብ ቆመዋል። የአክስቴ ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ለሥራ ወደ አርባ ምንጭ ይወርዳል፤ የካራቱን ደግሞ ከዚያ የሚያደርስለት ሾፌር አግኝቷል።